ማጅራት አንሺው

ትናንት ምሳ ላይ አስተናጋጁ ሰላጣው ላይ ኮምጣጤ ሲያፈስ ሳህኑን ገፋ አድርጌ የተነሳሁት ሆዴን አሞኝ አይደለም። ሽታው ነው። ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ የሚነከርበት ውሃ ልክ እንደዚያ አፍንጫ ይወጋል። ስለዚያ ፎቶ አንሺ ሰውዬ ለምን አንድ መስመር እንኳ እንዳልጻፍኩ ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። ዛሬ ልንገርህ።

አሶሳ ነበርኩ፤ ገና ጀማሪ ዘጋቢ። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን ሳላጣራ አልጽፍም የሚለውን ሕግ ለራሴ ያወጣሁት ያኔ ነው። ሰውየው ከገበያው መውጫ ላይ ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረው። ወላጆቹ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ስለነበሩ እዚያው ተወልዶም አነጋገሩ የወሎ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ለመታወቂያ ፎቶ የሚፈልገውን ሰው ሁሉ ፊት ያነሳል። ቅዳሜ ግን ሱቁን ዘግቶ፣ በፊልም የሚሠራ አሮጌ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ገበያ መሃል የሰው ማጅራት ፍለጋ ይወጣል።

ከደጃፉ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤቱ ሲያየው የስፌት መኪናውን ያቆምና፣ አገሩ ማጅራት መቺ ነበረው፣ አሁን ደግሞ ማጅራት አንሺ መጣለት ይለው ነበር። አንድ ቀንማ የራሱን አንገት አቀርቅሮ፣ «እስቲ የኔን አንሳው። ሚስቴ ለይታ ካወቀችው ሱሪህን በነጻ እሰፋልሃለሁ» አለው። ሰውየው ሳቀና አነሳው።

እኔ የሄድኩት ስለ ሥራው ልጠይቀው ነበር። መጀመሪያ ቀን የነገረኝን ማስታወሻዬ ላይ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።

«ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያሰናዳል። አገጩን ቀና፣ አይኑን ፈጠጥ ያደርጋል። ማጅራቱን ግን አያየውም፤ ስለዚህ ሊያሰናዳው አይችልም። እኔ የምፈልገው ያልተሰናዳውን ነው።»

አሠራሩ የራሱ ነበር። በመጀመሪያ ከፊት ለፊት መጥቶ ሰላም ይላል፤ ያስፈቅዳል። ከዚያ ወደ ኋላ ይዞርና ሰውየው እስኪረሳው ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳል። ፊልሙ ሲያልቅ ምንም ሳይጽፍበት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሙቀት እንዳይጎዳው ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሚያጥበው ክረምት ሲገባ ነው። ቶሎ ካጠብኩት የማየው የተመኘሁትን ነው፣ ስረሳው ግን ያለውን አያለሁ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያን በጋ ከዚያ ሰውዬ ጋር ገበያ ለገበያ የዞርኩትን ያህል በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም። የማንጎው ሽታ፣ በቀርከሃ አጥሩ መሃል የሚገባው የጠዋት ጸሐይ፣ ከኋላችን የሚከተለን የስፌት መኪና ድምፅ።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን አንዲት እናት መጣች። ከባምባሲ ወዲህ ካለ መንደር ነው የመጣችው። የበርታ ሴት ናት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ሴቱንም እንደ ወንድ ትጠራለች፤ እሱንም እኔንም «አንተ» ትለን ነበር።

«ልጅ የኔ ሞተ» አለች። «ትኩሳት ነው። ፎቶ የለም። ቅዳሜ ገበያ አንተ አነሳህ አሉ።»

ልጅቷ በትከሻዋ በተሸከመችው እንጨት ጫፍና ጫፍ ማንጎ አንጠልጥላ ገበያ መጥታ እንደነበር ነገረችን። ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ነበረች፤ ሁለት ቅርጫት፣ ግራ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር። ስለ ክሩ ስጠይቃት እናቲቱ አፏን ይዛ ቁጭ አለች። ያሰረችላት እሷ ነበረች። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ፎቶው እዚህ አለ አልኳት። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ማሰሮውን አወረደ።

ማሰሮው ውስጥ ዘጠኝ ፊልም ነበር፤ የቱ የየትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ምልክት የለውም። ሁሉንም ማጠብ ነበረበት። ውሃ ጠፍቶ ስለነበር በጄሪካን አመላለስን። መብራትም ይሄዳል፣ ይመጣል። ሁለት ቀን ሙሉ እናቲቱ ከበሩ አግዳሚ አልተነሳችም። ልብስ ሰፊው ሻይ አስመጣላት፤ ቀዘቀዘ። ሰውየው ከጨለማው ክፍል በወጣ ቁጥር «ወጣ?» ትላለች። ገና ነው እላታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በቀዩ መብራት ስር ሳገኘው ስድስተኛውን ፊልም ለማድረቅ እየሰቀለ ነበር።

«ፊቷን አላነሳሁም» አለኝ በሹክሹክታ። «ገበያ ላይ አንድም ሰው ፊቱን አላነሳሁም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ለካ አውቅ ነበር። የእሷን ሐዘን ሳይ ማስታወሻዬ ውስጥ መኖሯን እንጂ ምን እንደምትፈልግ አላሰብኩም። ታዲያ ለምን እናጥባለን አልኩት።

«ምናልባት ማንሻውን ልጫን ስል ዞራ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሰባተኛው ፊልም ላይ ተገኘች። ወረቀቱን ውሃው ውስጥ ነከረው፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አፈጠጥንበት። መጀመሪያ እንጨቱ መጣ። ከዚያ ቅርጫቶቹ። ከዚያ እንጨቱን የያዙት ሁለት ትናንሽ እጆች፣ ሹሩባው፣ ጆሮዋ፣ ክሩ። ማጅራቷ ላይ ላብ ያበራ ነበር። አልዞረችም።

«በዕድሜዬ ያነሳሁት ምርጡ ፎቶ ነው» አለ፤ ራሱን እንደሚሰድብ ሰው።

እሱ መውጣት ስላቃተው እኔ ይዤላት ወጣሁ። እርጥቡን ወረቀት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ነጭ ነው። እንደገና ወደ ፊት መለሰችው፤ እንደገና ገለበጠችው። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ፊትስ?» አለች።

ሰውየው በሩ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር። ያልተነሳ መሆኑን ነገራት። ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

«አንተ ግን አየህ» አለችው። «ሰላም ብለህ ነበር። ንገረኝ።»

ብርሃኑ ከግራ እንደነበር ተናገረ። ከእንጨቱ ክብደት የተነሳ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ማለቱን ተናገረ። ከዚያ ጉንጮቹ ላይ እንባ ወረደ። ፊት ለፊቷ ቆሞ አስፈቅዷት ነበር፤ ፊቷን ግን አላየም ነበር።

ወደ እኔ ዞረች። ማስታወሻዬ እጄ ላይ ክፍት ነበር። ሰዓቱ አለ። የቅርጫቱ ብዛት አለ። ዕድሜ፣ አስር ገደማ ይላል። ስለ ፊቷ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። በዓይነ ሕሊናዬ ልፈልጋት ሞከርኩ፤ የመጡልኝ ማንጎዎቹ ብቻ ናቸው።

«ትስቅ ነበር» አልኩ።

«ጥርስ ታየ?»

«ታየ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ልጅ የኔ ሲስቅ አፉን በእጅ ይሸፍናል» አለች ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ። ጥርሱን አያሳይም።»

ከዚህ በኋላ በሥራዬ ብዙ አስፈሪ ሰዎች ፊት ቆሜ ጠይቄአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። ፎቶውን በጣቴ አሳየኋት። «ሁለቱም እጇ እንጨቱ ላይ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየች። ትናንሾቹን ጣቶች አንድ በአንድ በጥፍሯ ነካካቻቸው።

«ወላሂ ሳቀ?»

«ወላሂ» አልኩ።

ሰውየው ሰማኝ። አላረመኝም።

ዝናቡ ሲያባራ የባምባሲ መኪና ድረስ ሸኘኋት። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ወረቀቱ ገና አልደረቀም ነበር፤ ልጅቷን ወደ ደረቷ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርጋ ይዛው ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል ጎንበስ ብላ፣ ብዙ ነው የሳቀው ወይስ ትንሽ ብላ ጠየቀችኝ።

ብዙ፣ አልኳት።