እንግሊዝኛ ፍለጋ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር

ሐሙስ፣ ማለዳ 12 ሰዓት

ይህ ጉዞ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ከባሕር ማዶ ስጦታ ይዞ መጥቶ፣ ያንኑ ስጦታ ሊያስተካክል እንደገና መንገድ ሲወጣ ያሳፍራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉት የኔ ዓይነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርክ አገር አንካራ መኖር ከጀመርሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። የሄድሁት ለትምህርት ነበር፤ ስጨርስ እዚያው ሥራ አገኘሁ። ታላቅ እህቴ እታገኝ ደብረ ታቦር በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናትና እስከ ዛሬ እትዬ እላታለሁ። ባለፈው ወር ስደውልላት መሥሪያ ቤቱ አዲስ ድልድል እያካሄደ እንደሆነ ነገረችኝ። ጸሐፊዎች በሙሉ በኮምፒውተር የተግባር ፈተና ይፈተናሉ። ያለፈች በቦታዋ ትቀጥላለች፤ የወደቀች ከጉና ተራራ ማዶ ወዳለ ወረዳ ትመደባለች። እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ቤት ዘግታ መሄድ አለባት ማለት ነው። ቤት ውስጥ የምትለማመድበት ኮምፒውተር አልነበራትም።

እኔም ከመብረሬ አንድ ቀን በፊት አንካራ ላይ ላፕቶፕ ገዛሁላት፤ የቢሮ ፕሮግራሙም አብሮ ተጭኗል። ሱቁ ውስጥ ከፍቼ ሞከርሁት፤ ሁሉም ይሠራል። ማክሰኞ ማታ ደብረ ታቦር ደርሼ ፊቷ ስከፍተው ግን ከላይ እስከ ታች ቱርክኛ ነው። እንዴት አላየሁትም? አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ለራሴ ላፕቶፕ እንግሊዝኛ ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። የመጨረሻው ሻጭ "እዚህ እየኖርህ ለምን ቱርክኛውን አትማርም?" ብሎ ሳቀብኝ። እውነትም ተማርሁት። አሁን ቱርክኛው እንግዳ ነገር ሆኖ አይታየኝም፤ እህቴ እንደማታውቀው እንኳ ትዝ አላለኝም። ይህን ሳስብ ከዕቃው ይልቅ ራሴን ታዘብሁ።

እትዬ ስክሪኑን ትንሽ አየችና "ግድ የለህም፣ ይበቃኛል" አለች። ይሉኝታ መሰለኝ። ፈተናው ቅዳሜ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው። ረቡዕ ዕለት እዚያው ደብረ ታቦር አንድ ሱቅ በሁለት መቶ ብር በፍላሽ የተቀዳ እንግሊዝኛ ጫነልኝ፤ ማታውኑ ቀይ መስመር አውጥቶ ጽሑፍ አላስቀምጥም አለ። አስወገድሁት። ፕሮግራሙን በወጉ ለገዛ ሰው የእንግሊዝኛው ጥቅል በነጻ ይወርዳል። ችግሩ የደብረ ታቦር ኔትወርክ ሰሞኑን ጠብ ጠብ እያለ ነው። ፈጣን መስመር ያለው ሱቅ ባሕር ዳር አለ ተባለ። ላፕቶፑን በእትዬ ነጠላ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ በመንገድ ላይ

የሚኒባሱ ሒሳብ ሦስት መቶ ብር ነው። መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ሦስት ሰው ጫነ። ለመነሳት ስንጠብቅ ሁሉም የሚጠያየቀው "መንገዱ ደኅና ነው?" እያለ ነው። "ደኅና ነው፣ ትናንት ሲመጡ ነበር" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ከዚያ ተነሣን።

ከጎኔ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሊታጠቡ እየሄዱ ነው። ወደ ዓለም በር ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ እየለቀቀን መጣ፤ አውድማው ሁሉ ላይ የጤፍ ጭድ ተከምሯል። አያ ፈንቴ ግን እንዲህ ያለውን ሲያዩት ኖረዋልና ዓይናቸው ጭኔ ላይ ነው።

"ምንድን ነው እንዲህ አቅፈህ የያዝኸው፣ ልጄ?"

"ኮምፒውተር ነው፣ አያ። የእህቴ ነው።"

"ታመመ?"

"አልታመመም። ቋንቋው ቱርክኛ ሆኖባት እንግሊዝኛ ላስደርገው ነው።"

ትንሽ አሰቡና "እንዲያው አማርኛ አይችልም?" አሉኝ።

"ሊችል ይችላል። ፈተናዋ ግን በእንግሊዝኛ ነው።"

"ፈታኙ የየት አገር ሰው ነው?"

"የደብረ ታቦር ሰው ነው።"

አያ ፈንቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወረታ ላይ መኪናው ቆሞ ልጃገረዶች የሽምብራ እሸት ወደ መስኮቱ ሲያቀርቡ አንድ እስር በሃያ ብር ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። የፎገራን ሜዳ ግራና ቀኝ እያየን፣ ሩዝ የታጨደበትን ማሳና ከብቱን እየቆጠርን፣ እሸቱን እየፈለፈልን ሐሙሲት ደረስን። እዚያ ወረዱ። "እህትህን እግዜር ይርዳት" ብለውኝ በበትራቸው እየተመረኮዙ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ከረፋድ እስከ ማታ፣ ባሕር ዳር

ባሕር ዳር ስገባ ሹራቤን አወለቅሁ። ባጃጅ በአምሳ ብር ሱቁ ያለበት ፎቅ ሥር አደረሰኝ። ባለቤቷ ትዕግሥት የምትባል፣ ቆጠብ ብላ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። ላፕቶፑን ከፍታ አየችና "ጥቅሉን ለማውረድ አንድ ሰዓት፤ መብራት ካለ" አለችኝ። አምስት ሰዓት ላይ ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፤ ማውረዱ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። እኔ ወንበር ላይ እየተቁነጠነጥሁ ቅዳሜን በጣቴ ቆጠርሁ።

ስንጠብቅ ትዕግሥት "አማርኛም አለው እኮ" ብላ በራሷ ኮምፒውተር አሳየችኝ። ከላይ ያሉት ትእዛዞች በሙሉ በአማርኛ ተጽፈዋል። አያ ፈንቴን አስታወስሁና አፈርሁ።

"ሰው ይጠይቅሻል?" አልኋት።

"ሱቁን ከከፈትሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እኔም ራሴ ስጠቀምበት ግራ ይገባኛል። በእንግሊዝኛ ነዋ የለመድሁት።"

እንግሊዝኛው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጭኖ አለቀ። ከፍቼ አየሁት፤ ደስታዬ የሕፃን ነበር። አራት መቶ ብር ከፈልሁ። ሾፌሮች ሲመሽ ስለማይጓዙ የመጨረሻው ሚኒባስ ሄዷል። በሰባት መቶ ብር አንድ ፔንሲዮን ተኛሁ።

ዓርብ፣ ጠዋት

በጠዋት ተነሥተን ጉማራ ድልድይ ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም አየር የለውም። ረዳቱ በሌላ መኪና ጎማውን ይዞ ወደ ሐሙሲት ተመለሰ፤ እኛ መንገድ ዳር ቆመን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሌላው ተሳፋሪ ተቀምጦ ያወጋል፤ እኔ ብቻ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። አንዲት መነኩሲት "ምን ያስቸኩልሃል? ደብረ ታቦር የትም አትሄድ" አሉኝ። እትዬ ግን ልትሄድ ትችላለች፤ ያንን ለእሳቸው ማስረዳት አልሆነልኝም። ወረታ ስንደርስ ቁርስና ምሳን አንድ አድርጌ ሩዝ በተቀላቀለበት እንጀራ ሽሮ በላሁ፤ መቶ ሃያ ብር። እንጀራው ነጭና ለስላሳ ነበር፤ ጣዕሙን ለማስተዋል ግን ልቤ አብሮኝ አልነበረም።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ቤት

እትዬ ፈቃድ ጠይቃ ከቢሮ ቀደም ብላ መጥታ ጠበቀችኝ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ "ይኸውልሽ እንግሊዝኛ!" አልኋት። መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። ደብዳቤ ጻፈች፣ ሠንጠረዥ አስገባች፣ ኅዳጉን አስተካከለች፣ ገጽ ቁጥር ሰጠች። ጣቷ ሲፈጥን ማየት ያስደስታል። ዓይኗ ከትእዛዞቹ ላይ አያርፍም፤ እጇ ብቻ ይሄዳል።

"ይህ ፈተና ምንሽ ነው! አሁን እኔ ፈታኝ ልሁን" አልሁና ወረቀት አነሣሁ። "ኢንሰርት የሚለውን ክፈቺ።"

እጇ ቆመ።

"ኢንሰርት፣ እትዬ።"

"የትኛው ነው?"

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው አይደለም።

"ሠንጠረዥ አስገቢ በለኝ፤ አስገባልሃለሁ" አለች። "ስሙን አላውቀውም። ቦታውን ነው የማውቀው።"

ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውሯቸው ያሳየቻት የሥራ ጓደኛዋ ጣቷን ይዛ "ይህን ስትነኪ ሠንጠረዥ፣ ይህን ስትነኪ ማተሚያ" ብላ ነው ያስተማረቻት። እትዬ የእንግሊዝኛ ፊደል ታውቃለች፤ ቃሉ ምን እንደሚል ግን አታውቅም። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። የፈራችው መሥራቱን አልነበረም። ፈታኙ ትእዛዙን በስሙ እየጠራ ክፈቺ እንደሚል ሰምታለች፤ የፈራችው እሱን ነው።

"ታዲያ ማክሰኞ 'ይበቃኛል' ያልሽኝ..."

"ይበቃኛል ማለቴ ነበር። ቱርክኛውም ቦታው ያው ነው፤ አየሁት። አንተ ሮጥህ።"

ሁለት ቀን መንገድ የተንከራተትሁበት እንግሊዝኛ ለእሷ ከቱርክኛው ብዙም አይለይም ነበር። ልሳቅ አልሁ፤ ሳቁ አልመጣም።

ስለ ደብዳቤ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። "ሃያ ዓመት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስትጽፊ አልነበር?"

"ፊደሉን ከወረቀቱ አያለሁ፣ እመታለሁ። ምን እንደሚል አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅ።"

እስኪመሽ ተቀመጥን። እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ እሷ በደብተሯ በአማርኛ ፊደል ትጽፋለች፦ "ኢንሰርት፤ ማስገቢያ፤ ሦስተኛው። ሪቪው፤ መመርመሪያ፤ ስህተት የሚታረምበት።" አንዳንዱን ስነግራት "ይህን ነበር እንዴ የሚለው?" እያለች ስክሪኑን ጠጋ ብላ ታየዋለች። ባሕር ዳር ድረስ ከሮጥሁት ይልቅ ይህ ግማሽ ቀን ጠቀማት።

ቅዳሜ

ፈተናው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። እኔ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ውጭ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አምስት ሰዓት ሲሆን ወጣች፤ መነጽሯን እጇ ላይ ይዛለች። ፈታኙ አሥር ትእዛዝ በስማቸው ጠራላት፤ ሁለቱ ጠፉባት። ውጤቱን እዚያው ነገሯት፤ አልፋለች። ከቦታዋ አትነሣም።

ወደ ቤት በእግር እንሂድ አለች። ደስ ሲላት በእግር መሄድ ትወዳለች፤ ብዙ ሄድን። ከዚያ ሳላስበው "ለመሆኑ ያን ጊዜ በምሳ ሰዓት ቢሮ መጥተህ ያስጻፍኸኝ ወረቀት ምን ይል ነበር?" አለችኝ።

የትኛውን እንደምትለኝ ወዲያው ገባኝ። የዛሬ አምስት ዓመት ለቱርኩ ትምህርት የማመለክትበትን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ሰጥቻት፣ ምሳዋን ሳትበላ ነው የጻፈችልኝ። ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ። ከኋላዋ ቆሜ ሳይ የምታነበው ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ የገባሁትን ቃል እንደምታውቅ፣ አውቃም በትዕግሥት ዝም እንዳለችኝ አድርጌ ነው የኖርሁት። በስልክ "ሥራ እንዴት ነው?" ስትለኝ "መቼ ነው የምትመጣ?" ያለችኝ እየመሰለኝ ቶሎ ስልኩን እዘጋ ነበር።

"ትምህርቴን ስጨርስ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ አገሬን አገለግላለሁ ይላል" አልኋት።

ሌላ ብዙ ነገርም ይል ነበር። ዋናው ግን እሱ ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ከዚህ መንገድ የተማርሁትን ልናገር፦ ለሰው ዕቃ ስትገዙ ዕቃው በምን ቋንቋ እንደሚናገር ብቻ አትጠይቁ፤ ያ ሰው ምን እንደሚያነብና ምን እንደማያነብም ጠይቁ። እኔ እህቴን ሃያ ዓመት ሳልጠይቃት ኖሬ፣ እሷ በማታነበው ቋንቋ ባሕር አሻግራኛለች። ይህን ለማወቅ ባሕር ዳር መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።

የእትዬ ግቢ በር ላይ ደረስን። የያዝሁትን ሳልናገር መግባት አልፈለግሁም።

"እትዬ፣ አንካራ ያለኝን የሥራ ውል ከመምጣቴ በፊት ለሁለት ዓመት አድሼዋለሁ። አልነገርሁሽም።"

እሷ ቁልፏን ከቦርሳዋ እየፈለገች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

"መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅሁህም" አለች። "ያ የጻፍሁልህ ወረቀት ስህተት ነበረበት?"

"አንድም ፊደል አልተሳሳትሽም።"

"እንግዲያማ የኔ ሥራ ደኅና ነበር" አለችና በሩን ከፍታ ገባች።