በአብዱ ስም የጻፍኩት መልስ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፈዋለሁ። ሚስቴም አታውቅም። አንተ አንባቢ ግን አታውቀኝምና ላንተ መናገሩ ይቀለኛል።

አሰብ ነበር የምሠራው፣ ወደቡ ገና የኢትዮጵያን ጭነት በሚያስተናግድበት ጊዜ። በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ እኔና አብዱ ነበርን። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የሄድኩ ነኝ። አብዱ ግን እዚያው ያደገ፣ አፋርኛውንም ትግርኛውንም አማርኛውንም የሚያቀላጥፍ፣ ሾፌሮቹ ከእኔ ይልቅ እሱን የሚፈልጉት ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረን። የአየር ማቀዝቀዣው የተገዛው ለኮምፒውተሩ እንጂ ለእኛ አልነበረም።

በስልክ የምንነጋገረው የኮንቴይነር ቁጥር እየተሳሳተ ስላስቸገረ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን በስልክ መስመር አገናኝተን እየተጻጻፍን የምንነጋገርበት ፕሮግራም እንድመርጥ አዘዘኝ። ሁለት አገኘሁ። አንዱ በከፈትከው ቁጥር የሚስጥር ቃል ይጠይቃል። ሌላው አንዴ ስምህን ከሰጠኸው ጣጣ የለውም፤ የተጻፈውም መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። አብዱ የመጀመሪያው ይሻላል አለ። "አሰብ ውስጥ ደግሞ ምን ምስጢር አለህ?" ብዬ ሳቅኩበትና ሁለተኛውን መረጥኩ። ያኔ ክፋት አላሰብኩም። ስንፍና ነው።

በአዲስ አበባ በኩል የምትቀመጠው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ጽጌ ናት። እኔ ቁጥሬን ጽፌ እዘጋለሁ። አብዱ ግን "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ይጀምራል፣ ስለ እናቷ ጤና ይጠይቃል፣ ወደ ሥራው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጽጌ መልኩን አይታው አታውቅም፤ በሰላምታው ግን ታውቀዋለች።

አንድ አርብ አብዱ ስሙን እንደከፈተ ትቶ ለጁምዓ ሶላት ወጣ። እኔም ቅዝቃዜውን ፈልጌ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው የጽጌ ጽሑፍ መጣ። "አብዱ፣ አለህ? በስልክ እንዳልነግርህ ታደሰ ይሰማል።" ታደሰ እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ አብዱን የአዲስ አበባው ክፍል ኃላፊ ሊያደርገው ወስኖ ኖሯል። ይመጣ እንደሆነ በዝግታ ጠይቂው ብሏታል።

"አብዱ ወጥቷል" ማለት እችል ነበር። ምን ይከብዳል? እኔ ግን "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ጻፍኩ። ስለ እናቷም ጠየቅኩ፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ከዚያ እናቴ እዚሁ ባሕሩ ዳር፣ ጥዖ የምትባል መንደር ናት፣ አርጅታለች፣ ትቻት አልመጣም፣ ቦታውን ለታደሰ ስጡት ብዬ ጻፍኩ። "በደንብ አስበህበታል?" አለች። አስቤበታለሁ አልኳት። ታደሰ ሁለተኛ ምርጫ መሆኑን ከሰማ ይከፋዋልና ይህን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺው ብዬም ለመንኳት። ለራሴ ስሜት ስጠነቀቅ አየህ? መስኮቱን ዘጋሁት። አብዱ ሲመለስ ለእኔም ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቶልኝ መጣ፣ ጠጣሁት።

ለምን አደረግኩት? ሙቀቱ መሮኝ ነበር እንዳልል፣ ሙቀት የመረረው ዝውውር ይጠይቃል። ቅናት ነው። ኮምፒውተር ያስተማርኩት እኔ፣ የተመረጠው እሱ። ይህን መዋጥ አቃተኝ።

ደብዳቤው በስሜ መጣ። አብዱ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘኝ። አዲሱ ቢሮዬ ገብቼ ፕሮግራሙን ስከፍት እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። "ታደሰ ወንድሜ፣ ስላንተ ደስ ብሎኛል፣ አላህ ያቅናህ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ፣ ትመጣለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እንኳን የለም።"

አይዞህ፣ ያንተም ተራ ይደርሳል ብዬ መለስኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ አገሮች ተጣሉ። መኪኖቹ ቀሩ፣ ቅርንጫፉ ተዘጋ፣ መስመሩም ተቋረጠ። እኔ ደመወዜን እየበላሁ ቆየሁ፤ አብዱ መርከብ በራቀው ወደብ ሥራ ፈትቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን ሰምቼ አላውቅም።

በኋላ አንድ ማምለጫ አግኝቼ ነበር። አዲስ አበባ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እኮ በአውቶቡስ ተጭነው ከተባረሩት ኤርትራውያን አንዱ ይሆን ነበር፤ እንዲያውም አዳንኩት አልኩ። ይህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ሰጥቶኛል። ግን ያን አርብ ጦርነት እንደሚመጣ አውቅ ነበር? አላውቅም። እናቱንስ አይቻቸው አውቃለሁ? በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳን ጠይቄው አላውቅም። የማውቀው ያን ወንበር መፈለጌን ብቻ ነው።

ማሩኝ አልልም። ሊምረኝ የሚችለው አብዱ ነው፣ እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ማንም እንዳልጠየቀው ነው።