የእትዬ ጥሩወርቅ አምፕሊፋየር ቃና

ትናንት ደብረ ማርቆስ ያለው የድምፅ ዕቃ ሱቄ አንድ ጎረምሳ አዲስ አምፕሊፋየር ታቅፎ ገባ። «ጋሼ፣ ድምፁን ከድሮው ጋር አንድ አድርግልኝ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እንኳ አንድ ድምፅ ሲያወጡ ሰምቼ አላውቅም። ልመልሰው ስል ግን እትዬ ጥሩወርቅ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። እትዬ ደምበጫ ላይ ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ አሮጌው አምፕሊፋየራቸው እየጋለ ሲያስቸግራቸው ከእኔ አዲስ ገዙ። በሳምንቱ መልእክት ላኩብኝ፦ «ቃናው ልክ አይደለም። ወይ አስተካክል፣ ወይ መጥተህ ውሰድ።»

ክረምቱ ገና አልወጣም። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጨቅይቼ ስደርስ የገበያ ቀን ነበርና ቤቱ እርጥብ ጋቢና ጠጅ ይሸታል። ቃና ማለታቸው የድምፁ ውፍረትና ቅጥነት መሰለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ አንድ ካሴት እያጫወትኩ፣ የስፒከሩን ሽቦ ካንዱ ወዳንዱ አመላልስ ጀመር። ጠጪው ሁሉ ዳኛ ሆነ።

ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ስጨምር «እንስራ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን መሰለ» አሉ ጠጪዎቹ። ስቀንስ «አሁን ደግሞ ጉንፋን ያዘው።» ቢመረኝ ምንም ሳልነካ «አሁንስ?» አልኳቸው። «አሁን ገና ሰው ሆነ» ብለው ተስማሙ።

እትዬ ብቻ አልተታለሉም። «አንተ ልጅ፣ ዘፈኑን ተወው። ሲያልቅ ስማ» አሉኝ።

አዲሱን አገናኘሁ። ዘፈኑ አለቀ፤ ቤቱ ጭር አለ። ጥግ የተቀመጠ ሰውዬ ለጓደኛው «...አማቼ ሳያውቅ ወሰኑን ትንሽ ገፋ ብናደርገው...» ሲል ቤቱ በሙሉ ሰማው። ሰውዬው ብርሌውን አስቀመጠ፤ ጋቢውን ሰበሰበ፤ ጓደኛውን አስከትሎ ወጣ።

«ይኸው» አሉ እትዬ። «ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛዬ የሚያልቀው እንዲህ ነው። በል አሮጌውን ስማ።»

አሮጌው ዘፈኑ ሲያልቅ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል። የየጠረጴዛው ምስጢር እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

ደሜ ፈላ። አዲሱን የሸጥኩላቸው «እምም አይልም» ብዬ ምዬ ነው። «እትዬ፣ እሱኮ ብልሽት ነው» አልኩ።

«ላንተ ብልሽት ነው። ለኔ መጋረጃ ነው።»

ምን ላድርግ፣ አዲሱም እምም እንዲል ከካሴት ማጫወቻው የሚመጣውን ሽቦ አንዱን ጫፍ ፈታሁት። እንደ ወፍጮ ጮኸ። አጠበቅሁ፤ ጠፋ። ላላ፣ ጠበቅ ሳደርግ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ደህናውን ዕቃ በገዛ እጄ ሳበላሽ እንዲያ ስጠበብ ያየ፣ ሰዓት የምጠግን ይመስለዋል። በመጨረሻ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሱ ነው» አሉ።

አንድ ብርሌ ቀዱልኝ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አጠገቤ ላለው ለማላውቀው ሰው፣ ለእናቴም ያልነገርኳትን ነገር ስነግረው ራሴን አገኘሁት። ዘፈኑ አልቋል፤ ከሱ በቀር የሰማኝ የለም።

ሰው የለመደውን ጉድለት ጉድለት አይለውም፤ ስሙን ቃና ይለዋል። ስለዚህ ትናንት ጎረምሳውን «የድሮው ብልሽቱ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

እንደ ጃጀ ሰው አየኝ። «ምንም ብልሽት አልነበረውም ጋሼ» አለ።

እንግዲህ ከዚህ ልጅ ጋር ሳምንት መክረሜ ነው።