የኋላ ግራ ጎማ

ልጅ እያለሁ በረንዳችን ላይ አራት ጎማ ይኖር ነበር። የሌላው ሰው በረንዳ ላይ አበባ አለ፣ ብስክሌት አለ። ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው የእኛ በረንዳ ግን ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር የአባቴ የዊንተር፣ የበረዶ ጊዜ ጎማዎች ማደሪያ ነበር። በአሮጌ የሻወር መጋረጃ ተሸፍነው ተደራርበው ይቀመጣሉ። ፀሐይ ሲመታቸው ሽታቸው ሳሎን ድረስ ይገባል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸተኝ ነበር። እናቴ ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቁጥር በጉልበቷ ትገፋቸዋለች። "እኔን ለማግባት ምን አስቸኮለህ፣ እነዚህን አግብተህ አትኖርም ነበር?" ትለዋለች።

አባቴ ታክሲ ነበር የሚነዳው፣ አሁንም ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ሰው ከኋላው ይጭናል። የራሱ መኪና ግን ስፖርት መኪና ነበረች። ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትነካ ትንሽ የቀራት። አዲስ እንዳይመስላችሁ፣ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። "እዚህች ውስጥ ማንም 'እዚህ ጋ አውርደኝ' አይለኝም" ይል ነበር። የኋላ ወንበሯ ለስሙ ነው፣ እግሬን አጥፌ የምቀመጥበት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ከውስጧ ለመውጣት እጇን ካልጎተቷት አትችልም። "መኪና ነው ጫማ የገዛኸው?" ትላለች፣ ቀሚሷን እያስተካከለች። እሱ ይስቃል። ስለዚያች መኪና ምንም ብትሉት ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ሌላ ነገር ሲያስቀው ብዙም አላየሁም።

አስር ዓመቴ ላይ እናቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የጠዋት ሺፍት ጀመረች። ታክሲውን አባቴ ከሌላ ሰው ጋር እየተፈራረቀ ስለሚነዳው፣ ጠዋት ጠዋት ሊያደርሳት የሚችለው በስፖርት መኪናዋ ብቻ ነው። ስምምነቱ እራት ላይ ነው የተደረገው፣ እኔም ነበርኩ።

"መኪናህ ዊንተሩን ከተወጣችው አፌን እዘጋለሁ" አለች እናቴ። "አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ በሷ የተነሳ ካረፈድኩ ግን ትሸጣታለህ። እንደ ሰው ቀጥ ብዬ የምገባበት መኪና ትገዛለህ።"

"እሺ" አለ አባቴ። "ጎማዋን ብቻ ልቀይርላት።"

ለማያውቅ ሰው፣ የበጋ ጎማ ብርድ ሲነካው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ በረዶ አይዝም። ያቺ መኪና ደግሞ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው፤ ካዳለጣት ኋላዋ ፊቷን ቀድሞ ይዞራል። ስለዚህ ጎማው ቀልድ አይደለም። ጋራዥ ወስዶ ማስቀየር ይችል ነበር፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። አባቴ ግን ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈልግም። በኖቬምበር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለት ሁለት አድርገን በኤሌቬተር አወረድናቸው። እኔ በሩን በጀርባዬ እይዛለሁ፣ እሱ ያንከባልላል። ኤሌቬተሩ ጎማ ጎማ ሸተተ። ከስድስተኛ ፎቅ የገቡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በስካርፋቸው ሸፍነው አባቴን "ዘንድሮም?" ዓይነት አይተውት ፈገግ አሉ።

የሕንፃው ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መፍታት ክልክል ስለሆነ ውጪ፣ ከጀርባ በኩል ነው የምንሠራው። ነፋሱ ይጋረፋል። ቅደም ተከተሉን እስከዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ዳዶዎቹን ላላ ማድረግ፣ በክሪክ ማንሳት፣ አውልቆ አዲሱን መግጠም፣ ዳዶዎቹን በእጅ ማስገባት፣ ማውረድ፣ ከዛ በመፍቻ በሙሉ ክብደት ማጥበቅ። ክብ እየዞሩ አይደለም፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ ነው። የእኔ ሥራ ዳዶዎቹን በእርጎ ዕቃ መያዝ ነው። "በእጅ የገባ ዳዶ ገና እንዳልገባ ነው፣ ሰምተሻል?" ይለኝ ነበር። ሰምቻለሁ። በደንብ ነው የሰማሁት።

ሦስቱ አልቀው የኋላ ግራው ጎማ ቀረ። ዳዶዎቹን በእጁ አስገብቶ መኪናዋን አውርዷል። መፍቻውን ሊያነሳ ሲል ጋሽ መኮንን ከተፍ አሉ።

ጋሽ መኮንን አባቴን ስፖንሰር አድርገው ካናዳ ያስመጡት ሰው ናቸው። ያኔ ሰባ አልፏቸዋል። ከሚኖሩበት ከኤግሊንተን ዌስት ሁለት አውቶብስ ቀይረው፣ ሳይደውሉ ነው የሚመጡት። አባቴ ከተቀመጠበት የወተት ሳጥን ላይ ብድግ ብሎ "ኖር" አላቸው። እዚያ የሚለቀቅ ወንበር የለም፣ በረዶና ጎማ ብቻ ነው ያለው። ግን አለ። እጁ ግራሶ በግራሶ ስለሆነ ክንዱን ዘርግቶ በአንጓው አስጨበጣቸው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ።

"ሥራህን ቀጥል፣ እኔ ቆሜ አይሃለሁ" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ምን ሥራ አለ ጋሼ፣ አልቋል እኮ። ይግቡ፣ ብርድ ነው።"

"ይቺን ጨርሳት እንጂ።"

"ኧረ እርስዎን እዚህ አቁሜ? ይግቡ።"

እናንተም አባት አላችሁ፣ ታውቁታላችሁ። እሱን ያስመጡትን ሽማግሌ ብርድ ላይ አቁሞ ዳዶ አያጠብቅም። አምስት ደቂቃ እንኳን አያስጠብቃቸውም። ወደኔ ዞሮ መፍቻውን ሰጠኝና "አጥብቂያትና ዕቃውን ይዘሽ ነይ፤ ቁሚበት፣ በክብደትሽ" ብሎኝ ክንዳቸውን ደግፎ ይዟቸው ገባ።

ቆምኩበት። የመጀመሪያው ዳዶ ትንሽ ዞረ። ሁለተኛው ላይ መፍቻው አዳለጠኝና ጉልበቴን መታኝ። ጓንቴ ርሷል፣ ጣቶቼን አልሰማቸውም። የቀሩትን ሦስቱን አልነካኋቸውም። ዕቃውን ሰብስቤ ወጣሁ። እንደምነግረው እያሰብኩ ነው የወጣሁት፣ እውነቴን ነው።

ሳሎን ውስጥ ጋሽ መኮንን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሾርባ ይዘዋል። አባቴ ቀና ብሎ "አጠበቅሽ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ወይ ጉድ፣ መካኒክ ወልደሃል" አሉ ጋሽ መኮንን፣ ፀጉሬን አሻሹኝ። አባቴ ደስ አለው። ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር።

አመሻሹ ላይ በዚያችው መኪና አደረሳቸው። የኤግሊንተን መንገድ ያኔ ተቆፋፍሮ ነበር፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ ነው የሚነዳው። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ስጠብቅ ቆየሁ። በሰላም ተመለሰ። "ምን የመሰለ ጎማ" አለ ጫማውን እያወለቀ። እንግዲያው ምንም አይሆንም ብዬ ተውኩት።

ለሰኞ አጥቢያ በረዶ ጥሎ አደረ። እናቴ ፊት፣ እኔ ከኋላ። መኪናዋ እውነትም በረዶውን ያዘችው፣ አላዳለጣትም። አባቴ በመስታወት እያየኝ ጠቀሰኝ። እናቴ እንኳን "ዛሬስ ሰው መስላለች" አለች። ሰፈራችን ያለውን ድልድይ እንደተሻገርን ከኔ ሥር ቋ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ጀመረ። አባቴ "በረዶ ይሆናል የተጋገረበት" አለ። እኔ ግን አወቅኩ። ቀበቶዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወዲያው መኪናዋ በእኔ በኩል ቁጭ አለች፣ ተንሸራታ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ጎማው ጋደል ብሎ ወጥቷል፣ ቸርኬው ታጥፏል።

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰዓቷን አየች፣ ራሷን ችላ ወጣች፣ በረዶውን እየረገጠች ወደ አውቶብስ ፌርማታ ሄደች። አባቴ በርከክ ብሎ ጎማውን ሲያይ ቆየ። ከአምስቱ ዳዶ አንድ ነው የቀረው።

"ይቺን አጥብቀሻት ነበር አይደል?" አለኝ ቀና ሳይል።

"የስ፣ አይ ዲድ" አልኩት። በአማርኛ መድገም አልቻልኩም።

"በቃ። ማታ ለእናትሽ እኔ ነኝ የረሳሁት እላለሁ።"

እንዳለውም ነገራት። እናቴም "እሺ" አለች። አባቴ ቃሉን ጠብቆ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሸጣት። ሊወስዳት የመጣው ልጅ ሞተሯን አስጩሆ ሲወጣ እኔና አባቴ አብረን ቆመን አየን። ከዚያ ቫን ገዛ። እናቴ ቀጥ ብላ ትገባበታለች። በረንዳው ባዶ ሆነ። የሻወር መጋረጃው ብቻ ትንሽ ጊዜ ቆየ፣ እሱንም ነፋስ ወሰደው።

አስራ ሦስት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ትንሽ መኪና ገዛሁ። ባለፈው ሳምንት ኢስት ዮርክ አንድ ጋራዥ ጎማ ላስቀይር ሄድኩ። ሠራተኛው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሽ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና እንድናጠብቅልሽ ተመለሺ አለኝ። ሥራው ነው፣ ለሁሉም የሚለው ነው። እኔ ግን የጋራዡ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አባቴ ጋ ደወልኩ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም፣ አልችልበትም።

"አባዬ፣ ያቺ ሰማያዊ መኪናህ። የኋላ ግራ ጎማዋን አላጠበቅኩትም ነበር። ዋሽቼህ ነው።"

ከኋላው ቲቪው ይሰማል።

"እሱን ነው እስከዛሬ የያዝሽው?" አለ።

"አዎ።"

"ተይው ባክሽ። እሷ እንደሁ መሸጧ አይቀርም ነበር። እናትሽ ወንድምሽን አርግዛ ነበር እኮ። ሕፃን ልጅ በባለ ሁለት በር ይያዛል? እንዲያውም ሰበብ ነው የሆነልኝ።"

"እሺ" አልኩት።

"የት ነሽ?"

"ጎማ እያስቀየርኩ።"

"ጎበዝ። አጠገባቸው ቆመሽ እያቸው፣ ስልክ አትነካኪ" ብሎ ዘጋው።

ወንድሜ የተወለደው በቀጣዩ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ከኖቬምበር ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አስር ወር ይመጣል። ጎማው ሲወጣ እናቴ አላረገዘችም ነበር።

መልሼ አልደወልኩም። ማልቀስ ያለብኝ መሰለኝ፣ ግን ምንም አልመጣም። ቀለል ይለኛል ብዬም ነበር፣ እሱም አልመጣም። በመስታወቱ መኪናዬን ሲያነሷት ዝም ብዬ አየሁ። ልጅ እያለሁ በአንድ መኪና ውስጥ ጠዋት ጠዋት እንሄድ ነበር፣ አባቴ ሲዋሽ ከኋላው ተቀምጬ ከጆሮ ግንዱ መቅላት አውቅበት ነበር። አሁን በሳምንት አንዴ በስልክ ነው የምንገናኘው፣ መዋሸቱን ለማወቅ ወር መቁጠር አለብኝ።