በባዶ ሆድ
ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር በቆመው የራጅ መኪና ውስጥ ደረቴን ከቀዝቃዛው ሰሌዳ ሳስጠጋ ያሳደገችኝ አክስቴ ትዝ አለችኝ።

በልጅነቴ እንዲህ ያለ መኪና ሰፈራችን መጥቶ ሰዉ ለቲቢ ሲመረመር፣ አክስቴ ጠበል እንደሚሄድ ሰው እህል ሳትቀምስ ወጣች። ሳል ከያዛት ከርሞ ነበር። መኪናው ደጃፍ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ አዞራትና ግድግዳውን ተደገፈች።

«እማማ፣ ለራጅ እኮ መጾም የለብዎትም» አላት ባለሙያው።

«ውስጤን ልታይ አይደል ልጄ? ንጹሕ ሆኜ ልቅረብ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ እያየች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቺ ልጅ እቅፌ ውስጥ ነው የምትተኛው። ዛሬስ ትተኛ?»

ምን ብሎ እንደመለሰላት አላስታውስም።

አሁን ባለሙያዋ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ስትለኝ ሆዴ ጮኸ። ለካ እኔም ቁርስ ሳልቀምስ ነው የመጣሁት።