ኮምፒውተሩና የአለቃችን ሻይ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ የፎገራን እህልና ከብት ይመዝግብልን ተብሎ ወረታ ለነበረው የእርሻ ጽሕፈት ቤታችን ኮምፒውተር ተላከ። ሥልጠና የወሰድሁት እኔ ብቻ ስለነበርሁ ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ብቻዬን ስከፍተው ደኅና ይነሣል። አለቃችን ሊያዩት ሲመጡ ግን ጥቂት ፊደል ይደረድርና ድርግም ይላል። ሦስት ጊዜ አዋረደኝ፣ ይኼ ቆርቆሮ! ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ክዳኑን ፈትቼ ውስጡን አየሁ፤ ያየሁት ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን «አሻጥር አለ» አሉ። ኮምፒውተሩ ሂስ መዋጥ ስለማይችል የእሱንም ድርሻ እኔው ዋጥሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት በአራተኛው ጊዜ ነው። አለቃችን በር ላይ ብቅ እንዳሉ፣ ሽማግሌው ተላላኪያችን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሻይ ይጥዳሉ። መብራት የሚሰጠን ትንሽ ጄነሬተር ደግሞ ኮምፒውተሩንና ምድጃውን አንድ ላይ አይችልም።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ሻዩን ትንሽ ቢያቆዩት?» አልኋቸው።

«አለቃ መጥቶ ሻይ ሳልጥድ? ማሽንሽ ይጠብቅ!»

ለአለቃችንማ ማን ደፍሮ ይናገር? አሻጥሩ የእርስዎ ሻይ ነው ልበላቸው? ኮምፒውተሩን እሳቸው ስብሰባ ሲሄዱ ብቻ ማስነሣት ጀመርሁ። ከስብሰባ ስለማይጠፉ ሥራው አንድም ቀን አልተጓደለም።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርታችን፣ ኮምፒውተሩ የተቃናው በአለቃችን የቅርብ ክትትል መሆኑን ገለጸ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው ኮምፒውተር፣ እሳቸው በሌሉበት።