ከልቅሶው በኋላ የተባለው

የሰፈሩ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ሁሉም «መቀስ» ነው የሚላት። የተቀረጸውን መቁረጥና መቀጠል የእሷ ሥራ ነው፤ ያውም በነጻ፣ ቀን ጫማ መደብር ውስጥ ቆማ ከዋለች በኋላ። ስቱዲዮ ብለው የሚኮሩበት ክፍል የድሮ ዕቃ ቤት ነው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን አሮጌ ፍራሽ አልብሰውታል። ምላሷም እንደ ቅጽል ስሟ ነው። አንድ ሕግ አላት፤ እንባ አይታይም። «የደሃ ልቅሶ አሳይቶ ተመልካች መሰብሰብ ነውር ነው» ትላለች።

ባለፈው ወር ስለተበላሸ ሊፍት ፕሮግራም ሠሩ። አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ ሹፌር፣ መራመድ የማይችሉ ባለቤታቸውን ለሕክምና በደረጃ ስለማውረድ ተጠየቁ። «ማንም አልረዳኝም» አሉና ሳግ ተናነቃቸው። መቀስ እዚያው ላይ ቆረጠችው። ቀጥሎ ምን እንዳሉ እንኳ አላዳመጠችም። ጠያቂው እንደሆነ የሚሰማው የራሱን ጥያቄ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ በታየ ሰሞን የሕንጻው ነዋሪ የሆነች ሴት ጫማ ልትገዛ መጥታ አፈጠጠችባት።

«እኚያን ሽማግሌ ምን በድለናቸው ነው? ወንድሞቼ ትከሻቸው እስኪላጥ ሚስታቸውን ሲሸከሙ አልነበር? ከእንግዲህ ራሳቸው ይሸከሟት!»

መቀስ እየሮጠች ሄዳ የተጣለውን ቅጂ ከፈተች። ሽማግሌው አለቀሱ፣ በእጅጌያቸው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም «ከጎረቤቶቼ በቀር ማለቴ ነው። እነሱ ባይኖሩ አልቆልን ነበር» አሉ። አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንዲህ ያለ ደግነት ከክፋት በምን ይሻላል?

ሕንጻው ስትደርስ ባልና ሚስቱን ደረጃ መሐል አገኘቻቸው። እሜቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ።

«ነይ ልጄ! እንባዬን እንደሸሸግሽልኝ ጠያቂው ነግሮኛል። እግዜር ይስጥልኝ!»

ምርቃቱ ከስድብ ባሰባት። በሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች።

«አባባ፣ ስምዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ጎረቤቶቼ ረድተውኛል ያሉትን ቆርጬ ጣልኩት!»

አንድ በር ገርበብ አለ። «‹ማንም አልረዳኝም› ሲሉ በዓይናችን አይተናል!» አለና ተዘጋ።

ቴሌቪዥን የሌላቸው ሽማግሌ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ጎረቤቶቹ የሰለቹን መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ፤ ከዚያ ወደ መቀስ ተመለሱ። «እሷማ ከብጃቸው ነው ብላ ምግብ ከተወች ሰነበተች። ልቅለልላቸው ትላለች።»

መቀስ አንገቷን ደፋች።

እሜቴ እጃቸውን ክንዷ ላይ ጣል አደረጉ።

«ልቅሶውን ከነንግግሩ መልሰሽ ለሰው አሳዪ፣ ልጄ» አሉ። «እሱ ትንሽ ይፈር። እኔ ርቦኛል።»